ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ለማን ነው?



በዋሽንግተን ስቴት ሕግ መሠረት፣ መሬቱ ከሕዝብ መንገድ ጋር የሚዋሰን ሰው «ይህ መንገድ ለሕዝብ አያስፈልግም፣ ይነሣ» ብሎ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ከተፈቀደ መንገዱ መንገድነቱ ያበቃል፤ መሬቱም አብዛኛውን ጊዜ ከመካከሉ ተከፍሎ ግራና ቀኝ ላሉት ባለንብረቶች ይደርሳል። ትናንት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያቋረጡት ጎዳና በሚቀጥለው ዓመት አጥር ሊዞርበት፣ ፎቅ ሊቆምበት ይችላል።

በአቤቱታውና በአጥሩ መካከል ሕጉ ያቆመው ዘብ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ማስታወቂያ ነው፤ ምን እንደሚል፣ የት እንደሚለጠፍ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ማን እንዲያነበው እንደታሰበ። ጉዳዩ የጠበቆችና የመሐንዲሶች ብቻ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን የሬኒየር ቫሊን፣ የስካይዌይንና የታክዊላን ሰፈሮች ሳስብ፣ ይህ ሕግ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው በእግሩና በአውቶቡስ የሚሄደውን፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን፣ ስሙ በመሬት መዝገብ ላይ የሌለውን ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከካውንቲው ልጀምር። ስካይዌይ በየትኛውም ከተማ ሥር ያልተካተተ፣ በቀጥታ በኪንግ ካውንቲ የሚተዳደር አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚያ መንገድ ይነሣልኝ የሚል ሰው አቤቱታውን የሚያስገባው ለካውንቲው ነው። ነገሩን የሚገዛው የስቴቱ ሕግ ምዕራፍ 36.87 ነው። አቤቱታ ማቅረብ የሚችሉት በመንገዱ ዳር ካለው የመሬት ርዝመት ከግማሽ በላይ የሆነውን የያዙ ባለንብረቶች ናቸው። ልብ በሉ፣ የሚለካው መሬቱ ነው፤ ሰዉ አይቆጠርም። 600 ጫማ የሚረዝም መንገድ አለ እንበል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ሲደመሩ 1,200 ጫማ ይሆናሉ። ከዚህ 700 ጫማው የአንድ ኩባንያ ቢሆንና በቀረው 500 ጫማ ላይ አሥር ቤተሰብ ቢኖር፣ ኩባንያው ብቻውን አቤቱታ ሊያስገባ ይችላል። በኩባንያው መሬት ላይ መቶ አባወራ የሚኖርበት አፓርታማ ቢኖርም ፊርማው ያው አንድ ነው። መቶውን ተከራይ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም።

አቤቱታው ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ መንገዱ በካውንቲው የመንገድ መረብ ውስጥ እንደማይጠቅም፣ መነሣቱም ለሕዝብ እንደሚበጅ። ካውንቲው ለምርመራው ወጪ ማስያዣ ወይም ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። መሐንዲሱ መንገዱን መርምሮ አስተያየቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ከዚያ ቀን ተቆርጦ ጉዳዩ በሕዝብ ፊት ይሰማል። በኪንግ ካውንቲ ይህን የሚሰማው ሂሪንግ ኤግዛሚነር የሚባለው ሹም ሲሆን፣ የውሳኔ ሐሳቡን ለካውንቲው ምክር ቤት ያቀርባል።

ማስታወቂያው የሚወጣው ከዚህ ስብሰባ በፊት ነው። ሕጉ የሚያዘው ሁለት ነገር ነው። ማስታወቂያው በካውንቲው ይፋዊ ጋዜጣ ላይ፣ ከስብሰባው በፊት ለሁለት ተከታታይ ሳምንት በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታተማል። ቅጂው ደግሞ ሊነሣ በታሰበው መንገድ በሁለቱም ጫፍ ላይ፣ ከስብሰባው ቀን በፊት ቢያንስ ለ20 ቀን ተለጥፎ ይቆያል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ «በየቤቱ ደብዳቤ ላኩ» የሚል ትእዛዝ የለም። ካውንቲዎች በራሳቸው ደንብ ሊጨምሩበት ይችላሉ እንጂ የስቴቱ ሕግ የሚያስገድዳቸው ጋዜጣውንና ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ሕጉ ይለወጣል። ምዕራፍ 35.79 እንደሚለው አቤቱታውን መፈረም ያለባቸው መንገዱን ከሚዋሰነው ንብረት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነውን የያዙ ናቸው። ምክር ቤቱ የመስሚያውን ቀን በውሳኔ ይቆርጣል፤ ቀኑ ከውሳኔው ከ20 ቀን ሊያንስ ከ60 ቀንም ሊበልጥ አይችልም። የከተማው ጸሐፊ በከተማው ውስጥ ሕዝብ በብዛት በሚገኝባቸው ሦስት ቦታዎች፣ በራሱ በመንገዱ ላይም ጎልቶ በሚታይ ስፍራ ማስታወቂያ ለ20 ቀን ይለጥፋል። በወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት አቤቱታ መቅረቡ፣ የትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ስብሰባው የትና መቼ እንደሚደረግ ነው። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠየቀ፣ በቦታው ምን ሊሠራ እንዳሰበ መጻፍ ግን ግዴታ አይደለም።

በዚህ በከተማው ሕግ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደብዳቤው ነገር ነው። ምክር ቤቱ ያለ ባለንብረቶች አቤቱታ በራሱ ተነሣሽነት መንገድ ልዝጋ ካለ፣ ከስብሰባው ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ለአዋሳኝ ባለንብረቶች ሁሉ በፖስታ ማሳወቅ አለበት፤ ከእነሱም ግማሹ በጽሑፍ ከተቃወመ ምክር ቤቱ መቀጠል አይችልም። ጠንካራ ጥበቃ ነው። አቤቱታው በሁለት ሦስተኛው ተፈርሞ ሲመጣ ግን ላልፈረመው ሲሶ ደብዳቤ ይላክ የሚል ግዴታ የለም። ጎረቤቶቹ ተስማምተው፣ እሱ ሳይጠየቅ፣ ደጁ ያለው መንገድ ሊነሣ ሲል ባለቤት የሆነው ሰው እንኳ ነገሩን የሚያውቀው ምሰሶ ላይ ካለው ወረቀት ነው። ሕጉ ብዙኃኑ ከፈረሙ ማስታወቅ እንደሚቀል ቆጥሮታል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል፤ ብዙኃኑ አስቀድመው ሲስማሙ ነው የቀረው ሰው በቶሎ መስማት ያለበት።

ይህ የሕዝብ ሀብት መሆኑንም አንርሳ። ከተማው መንገዱን ለባለንብረቶቹ ሲለቅ የመሬቱን ግምት እስከ ግማሽ ሊያስከፍል ይችላል፤ መንገዱ ለሕዝብ ከተሰጠ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ወይም በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ሙሉውን ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ከገንዘቡ ግማሹ ለሕዝብ ክፍት ቦታዎች ወይም ለትራንስፖርት ግንባታ እንዲውል ሕጉ ያዛል።

አሁን ወደ አገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንሂድ፤ ማስታወቂያ ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ የተነገረው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1950 ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛ ሮበርት ጃክሰን ብዕር፣ መብቱ ሊነካ ላለ ሰው የሚሰጥ ማስታወቂያ በእውነት እንዲደርሰው ታስቦ መሰጠት አለበት አለ። ለደንቡ ያህል ብቻ የሚደረግ ማስታወቂያ ማስታወቂያ እንዳልሆነ፣ በጋዜጣ የኋላ ገጽ በደቃቅ ፊደል የሚወጣ ጽሑፍም የሰው ዓይን ላይ የሚወድቀው በአጋጣሚ እንደሆነ ጽፏል። ጉዳዩ የባንክ አደራ ገንዘብ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሐሳቡ ወደ መንገድ መጣ።

በካንሳስ ስቴት ሐቺንሰን የምትባል ከተማ መንገድ ለማስፋት ከአንድ ሰው መሬት ላይ ቆርሳ ወሰደች። ካሳውን የሚተምኑት ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቀን ያስታወቀችው በጋዜጣ ብቻ ነበር። የስቴቱ ሕግ ወይ በጋዜጣ ወይ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃል ይል ነበርና ከተማዋ ሕጉን አልጣሰችም። ባለመሬቱ ግን አልሰማሁም አለ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ለባለመሬቱ ፈረደ። የሰውየው ስም በከተማዋ መዝገብ ላይ ነበር፤ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል ያስቸግራል? ይህ ነበር የፍርዱ ልብ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሌላ ጉዳይ ዳኘ። የኒውዮርክ ከተማ የወንዝ ውኃ ለመጥለፍ ስትነሣ ማስታወቂያውን በጋዜጦች አውጥታ ነበር፤ በወንዙ ዳር ሰባት ስምንት ማይል ያህል ርቀት ላይም ሀያ ሁለት ወረቀት በዛፍና በምሰሶ ላይ ለጠፈች። ጊዜው ጥር ነበር። መሬቷ የተነካባት ሴት የበጋ ቤቷ ክረምቱን ባዶ ነበር፤ በግቢዋም አንድ ወረቀት እንኳ አልተለጠፈም። ፍርድ ቤቱ ይህም አይበቃም አለ። የሴትዮዋን ስምና አድራሻ በቀላሉ ማግኘት እየተቻለ ዛፍ ላይ መለጠፍ ሰውን ማሳወቅ አይሆንም።

እነዚህን ፍርዶች የምወዳቸው ከሕጉ ፊደል አልፈው ወደ ሰውየው ስለሚመለከቱ ነው። ሰማ ወይ? ሊሰማ ይችል ነበር ወይ? ነገር ግን ጥበቃቸው የሚደርሰው ንብረቱ ወይም በሕግ የታወቀ መብቱ ለተነካበት ሰው ነው። በመንገዱ የሚሄደው መንገደኛ በዚህ ጥላ ሥር አይጠለልም። በዋሽንግተን ስቴትም ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የያዙት አቋም፣ የመንገድ መነሣትን በክስ መቃወም የሚችለው መሬቱ ከመንገዱ የሚዋሰን ወይም ወደ ንብረቱ መግቢያው በእርግጥ የተዘጋበት ሰው ነው የሚል ነው። መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት፣ ግን ሌላ ዙሪያ መንገድ ያለው ሰው ከውሳኔው በኋላ ፍርድ ቤት ሊሄድ ቢያስብ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነው።

ስለዚህ ነገሩን አያይዘን እንየው። ተከራዩ አቤቱታ ላይ አይፈርምም። ደብዳቤ ቢላክም የሚላከው ለባለንብረቱ ነው። ከውሳኔው በኋላ በአብዛኛው መክሰስ አይችልም። ለእሱ የተተወለት አንድ ቀን ነው፤ ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን። ወደዚያ ቀን የሚጠራው ደግሞ አንድ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በሕጉ ውስጥ ካሉት ማስታወቂያዎች ሁሉ መሬት ለሌለው ሰው የተጻፈ ብቸኛው ነው። የሚለጠፈውም እሱ ባለበት ቦታ፣ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። እኔ ለዚህ ወረቀት ያለኝ አክብሮት ከዚህ የመጣ ነው፤ በደካማ ሁኔታ ሲሠራ የማዝነውም ለዚሁ ነው።

ደካማ የሚያደርገው ምንድን ነው? መንገዱ የሚጠራው ሰፈሩ በሚያውቀው ስም ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመሬት ካርታው ላይ ያለው የብሎክና የሎት ቁጥር ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ቋንቋው የሕግ እንግሊዝኛ ነው። ሌሊት በአውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ ጠዋት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በዝናብ ቆሞ ያንን አያነብም። ጋዜጣውም ቢሆን ያው ነው። የሲያትል ከተማ ይፋዊ ጋዜጣ ዴይሊ ጆርናል ኦፍ ኮሜርስ ነው፤ የግንባታና የንግድ ሰዎች የሚከታተሉት የተከበረ ጋዜጣ። ማስታወቂያው እዚያ ሲወጣ የሚያነበው በአብዛኛው መንገድ የሚያስነሣው ዓይነት ሰው እንጂ መንገድ የሚነሣበት አይደለም።

ሰው ሲያውቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሲያትል ራሷ አይታለች። አንድ ባለሀብት ከነባልደረቦቹ ሶዶ በተባለው የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ለመሥራት መሬት ገዝቶ፣ በመካከሉ የሚያልፈው የኦክሲደንታል ጎዳና አንድ ክፍል እንዲነሣለት ከተማውን ጠየቀ። ደጋፊው ብዙ ነበር፤ ከተማዋ የኤንቢኤ ቡድኗን እ.ኤ.አ. በ2008 አጥታ ነበርና የስፖርት አፍቃሪው ልቡ ተሰብሮ ነበር። የሲያትል ወደብና የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ግን የጭነት መኪናዎች መተላለፊያ ይጨናነቃል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2016 ምክር ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አቤቱታውን አልቀበልም አለ። ለዚያ ጎዳና ሲባል ከሁለቱም ወገን የተናገረው፣ የጻፈው፣ አዳራሽ ሞልቶ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት አስደናቂ ነበር።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ያንን ሕዝብ የጠራው ምሰሶ ላይ ያለው ወረቀት አለመሆኑ ነው። የጠራው ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የስፖርቱ ፍቅር ነው። በስካይዌይ በሁለት አፓርታማ መካከል ያለች፣ አሮጊቶች ወደ አውቶቡስ ፌርማታ የሚያቋርጡባት ጠባብ መንገድ ካሜራ አይመጣላትም። ለእሷ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

መንገድ መነሣት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሬት ሲሸነሸን በካርታ ላይ ብቻ የተሣሉ፣ ገደል ላይ የሚወጡ፣ ማንም ሄዶባቸው የማያውቅ መንገዶች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያለ ምንም ማስታወቂያ ነው የሞቱት፤ እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣ ሕግ አምስት ዓመት ሳይከፈት የቀረ የካውንቲ መንገድ በራሱ ጊዜ እንደሚነሣ ደንግጎ ነበር፤ በ1909 ሕጉ ተሻሽሎ በሽንሸና ካርታ ለሕዝብ የተሰጡትን መንገዶች ከዚህ እስካወጣ ድረስ። እንዲህ ያለውን የወረቀት መንገድ አስነሥቶ ቤቱን የሚያሰፋ ሰው ማንንም አይጎዳም። የራሳችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም መሬት ገዝተው ሲገነቡ እንዲህ ያለ አቤቱታ ያስፈልጋቸው ይሆናል። ያኔ ማስታወቂያውን ከሕጉ በላይ አስፍተው ለጎረቤት ቢያደርሱ ለራሳቸውም ይጠቅማል፤ በሕጉ መሠረት ያልተነገረ ማስታወቂያ በኋላ ውሳኔውን ሊያናጋ ይችላልና።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ሕጉ ማስታወቂያውን አልፎ ራሱ ቆሟል። ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር የሚደርስ መንገድ በቀላሉ ለግለሰብ ጥቅም አይነሣም፤ በካውንቲው ሕግ የሚነሣው እንደ ወደብ፣ መናፈሻ ወይም ጀልባ ማውረጃ ላለ የሕዝብ ጥቅም፣ ወይም ቦታው ለኢንዱስትሪ የተመደበ ሲሆን ነው፤ የከተማው ሕግም በራሱ መንገድ ይገድበዋል። ሲያትል ውስጥ መንገዱ ውኃ ላይ የሚያበቃባቸው ከ140 በላይ ቦታዎች አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሌክ ዋሽንግተን ዳር የምትቀመጡበት ጠባብ ሣር እንዲህ ያለ የመንገድ ጫፍ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ያለው ቤት ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቡና፣ ያ ሣር እስከ ዛሬ የሕዝብ ሆኖ መቆየቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባችኋል።

በአገራችን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር። ገበያው በሞላበት ቀን አዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ቃሉን ያሰማና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። በዚህ ውስጥ እኔ ትልቅ ብልሃት አያለሁ፤ ማስታወቂያው በነጋሪው አያበቃም፣ ግማሹ ሥራ የሰሚው ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ የነጋሪውን ግማሽ በቀንና በቦታ ወስኖታል። የሰሚውን ግማሽ ሊወስነው አይችልም። ይህ የእኛ ድርሻ ነው። ምሰሶ ላይ ወረቀት ያየ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለዕድሩ ቢልከው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የእንጀራ መደብሩ ሰሌዳ ላይ ቢነገር፣ 20 ቀን ረጅም ጊዜ ነው።

ስብሰባው ላይ ምን ይባላል? ሕጉ የሚጠይቀውን መመለስ ነው። ጥያቄው መንገዱ ይጠቅማል ወይ የሚል ነው፤ በካውንቲው ሕግ፣ መንገዱ የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ባለሀብቱን አንወደውም ማለት ለውሳኔው ብዙም አይፈይድም። በጠዋት ስንት ልጅ እንደሚያልፍበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ጎረቤት ሌላው መንገድ ዳገት እንደሆነበት፣ አምቡላንስ በየት እንደሚገባ፣ ዙሪያውን መሄድ ስንት ደቂቃ እንደሚጨምር መናገር ግን ማስረጃ ነው። ለመናገር የሚፈራ በጽሑፍ ያስገባ፤ ከስብሰባው በፊት የደረሰ ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ባለንብረት መሆን አያስፈልግም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ በዚያ አዳራሽ ለመናገር መሬት አይጠየቅም።

በቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስና በአካባቢው ያላችሁ ዘመዶች ሕጋችሁ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ካውንቲው ከመንገድ መረቡ የሚያወጣውን መንገድ ሲያስታውቅ በመንገዱ ላይ ቢያንስ በሦስት ቦታ ለ30 ቀን ይለጥፋል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጉዳዩ የሚነካው አንድ ባለመሬት እንኳ ስብሰባ ይደረግ ብሎ ከጠየቀ ካውንቲው የግድ ያደርጋል። እዚያ እንግዲህ ተከራዩ ባለመሬት ጎረቤቱን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም አለ። ሲያትል አገልግሎቷን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ከአገልግሎት እንዳያገል ይከለክላል፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ቋንቋውን ላልቻለ ልጅ ምንም ሳይደረግለት መቅረቱ ይህን ሕግ እንደሚጥስ ፈርዷል። የሆስፒታል ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ሲመጣልን ለምደናል። ለመንገዱ ወረቀትም ይህ ሊደረግ ይገባል።

ሙሉው የሕግ ጽሑፍ ይተርጎም አልልም። የመሬቱ መግለጫ በእንግሊዝኛ ይቆይ። በወረቀቱ አናት ላይ ከሩቅ በሚታይ ፊደል፣ በሰፈሩ በሚነገሩት ቋንቋዎች፣ አራት አጭር መስመር ቢጻፍ ይበቃል፤ ምክር ቤቶቻችንን በዚህ ዓመት ልንጠይቃቸው የሚገባንም ይህንኑ ነው፦

«ይህ መንገድ ሊዘጋ ተጠይቋል።
ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ሕዝቡ የሚሰማው በዚህ ቀንና በዚህ ቦታ ነው።
ተከራይም ባለቤትም መናገር ወይም ጽፎ መላክ ይችላል።
አስተርጓሚ ከፈለጉ በዚህ ስልክ አስቀድመው ይንገሩን።»